መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ሁለተኛ አድራሻውን ለምን ይጥላል?

በጋዝጊብላ ወረዳም ሆነ ከሰቆጣ ወዲህና ወዲያ ባሉ የዋግ ደጋ ከተሞች ሰርቨርን ብዙ ጊዜ የሚያጠፋውም የሚያስነሣውም መብራት ነው። ቅዳሜ ማታ ይሄድና እሑድ ንጋት ላይ ይመለሳል፤ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ የገባው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ሲስተም የለም» ይላል። ሰርቨሩ ግን በርቷል፤ በዋናው አድራሻው ፒንግ ቢደረግም ይመልሳል። የጠፋው በኔትወርክ ካርዱ ላይ የተደረበው ሁለተኛው አድራሻ ነው፤ ባለሙያዎቹ አሊያስ የሚሉት። ባለሙያው መጥቶ አንድ መስመር ትእዛዝ ይሰጣል፣ አድራሻው ይመለሳል፣ ሥራው ይቀጥላል። እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያን ክፍተት ነው፦ በእጅ ሲሰጡት የሚሠራ አሊያስ ሊኑክስ ራሱ ሲነሣ ለምን ይቀራል? ሊኑክስ በዕድሜው የመነሻ ስክሪፕቶቹን ደጋግሞ ስለቀየረ አንድ መልስ የለውም። በአንዱ ዘመን ትክክል የነበረው አሠራር በሌላው ዘመን ዝም ብሎ ይታለፋል፤ የስሕተት መልእክት እንኳ ላያሳይ ይችላል።

አሊያስ ለምን እንዳስፈለገ ላስቀድም። ትላልቅ ድርጅቶች በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ድረ ገጾች ለማስቀመጥ ይጠቀሙበት ነበር። በወረዳ ቢሮ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኔትወርኩ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ በሳተላይት ወደ ወረዳዎች ሲዘረጋ የራሱን የአድራሻ ክልል ይዞ መጣ። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢትዮ ቴሌኮም መስመሩን ሲያስገባ ሌላ ክልል ሊጨመር ይችላል። ቢሮው ራሱ ገዝቶ የሰካው ራውተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ይዞ ይወጣል። ሰርቨር ሲቀየር በየክፍሉ የአሮጌውን ሰርቨር አድራሻ የያዙ ፕሪንተሮችና ኮምፒውተሮች ይቀራሉ። ሁሉንም እየዞሩ ከማስተካከል ይልቅ አዲሱ ሰርቨር የአሮጌውንም አድራሻ ደርቦ እንዲይዝ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እንዲህ የተሠራ ጊዜያዊ ነገር ደግሞ ዓመታት ይቆያል።

ጉዳዩ የባለሙያ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ የጤና መረጃ ሥርዓት ሲሆን ሰርቨሩ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ይጫናል። የሕፃናት ክትባትና ክብደት ቁጥር የሚገባው እዚያ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህ ምድር ስም መጠራቱን ያስቧል። እንዲህ ባለ ቦታ ሪፖርት የሚላክበት ሳምንት ላይ አድራሻው የጠፋ ሰርቨር የሚያስከትለው ጉዳት ከኮምፒውተር ክፍሉ ውጭ ይደርሳል።

የአሊያስ ታሪክ ራሱ የመጀመሪያውን ወጥመድ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሊኑክስ 2.0 አሊያስ ራሱን የቻለ ነገር ነበር፤ «ኢት0:0» እንደ ሌላ ካርድ ይቆጠር ነበር። ሐሪሽ ፒላይ ያዘጋጀው አጭር የአሊያስ መመሪያ በዚያ ዘመን በየዲስኩ ተባዝቶ የተነበበ ሲሆን ዛሬም ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች የእሱን መንገድ ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 2.2 ግን የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ካርድ የፈለገውን ያህል አድራሻ በቀጥታ ይይዛል፤ «ኢት0:0» የሚለው ስም ለአድራሻው የሚለጠፍ መለያ ብቻ ሆነ፣ ባይለጠፍም ይሠራል። አሌክሴይ ኩዝኔትሶቭ የጻፈው «አይፒ» የተባለው ትእዛዝ የመጣው ለዚህ ነው። የከርነሉ ሰነድም የአሊያስን ስልት ጊዜው ያለፈበትና ለቀድሞ ሥራዎች ሲባል ብቻ የተያዘ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ችግሩ አሮጌው ትእዛዝ «አይኤፍኮንፊግ» መለያ የሌላቸውን ተጨማሪ አድራሻዎች የማያሳይ መሆኑ ነው። ባለሙያው አይኤፍኮንፊግ ብሎ ያያል፣ አድራሻው የለም ይላል፣ እንደገና ሊጨምረው ሲሞክር «ፋይል ኤግዚስትስ» የሚል መልስ ያገኛል። አድራሻው መጀመሪያውኑ ነበር። ስለዚህ የማንኛውም ፍተሻ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አይፒ አድር» ነው። አድራሻው እዚያ ከሌለ በእርግጥ የለም፤ እዚያ ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፣ የመነሻ ስክሪፕቱን መነካካት ተጨማሪ ብልሽት ብቻ ያመጣል።

በሬድ ሃት ቤተሰብ፣ ማለትም በሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝና በሴንትኦኤስ፣ የቆየው አሠራር ለእያንዳንዱ አሊያስ አንድ ፋይል ነበር። በ«/ኢቲሲ/ሲስኮንፊግ/ኔትወርክ-ስክሪፕትስ» ማህደር ውስጥ «አይኤፍሲኤፍጂ-ኢት0:0» ተብሎ ይቀመጣል። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የመነሻ ስክሪፕቱ ካርዶችን ሲዘረዝር በስማቸው ሁለት ነጥብ ያለባቸውን ፋይሎች ሆን ብሎ ይዘላል፤ አሊያስን የሚያስነሣው ወላጁ ካርድ ከተነሣ በኋላ ሌላ ረዳት ስክሪፕት ነው። ስለዚህ በአሊያሱ ፋይል ውስጥ «ኦንቡት=የስ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጨምርም። ወሳኙ «ኦንፓረንት» ነው፤ «ኖ» ከተባለ አሊያሱ አይነሣም፣ ካልተጻፈ ግን «የስ» ተደርጎ ይወሰዳል። የወላጁ ፋይል «ኦንቡት=ኖ» ካለ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ አብረው ይቀራሉ። አሊያስ አድራሻን በራሱ በሚያድለው በዲኤችሲፒ አድራሻ እንደማይቀበልም ማወቅ ይገባል፤ ቁጥሩ በእጅ መጻፍ አለበት።

መጠባበቂያ ቅጂም ያምሳል። ጠንቃቃ ባለሙያ ፋይሉን ከመንካቱ በፊት እዚያው ማህደር ውስጥ ይቀዳዋል። ስክሪፕቱ «.ባክ» ወይም «.ኦሪግ» በሚል የሚያልቁትን ያልፋቸዋል። በቀን ወይም በሰው ስም የተቀጠለውን ቅጂ ግን እንደ እውነተኛ አሊያስ ያነበዋል፣ ያው አድራሻ ሁለት ጊዜ ይመጣበታል፣ አንዱን በስሕተት ይመልሳል። የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ የሚወስነው የፊደል ቅደም ተከተል ነው። ቅጂ ከዚያ ማህደር ውጭ ይቀመጥ።

እነዚህ ስክሪፕቶች አሁን እየጠፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሬድ ሃት 7 አገልግሎቶችን የሚያስነሣውን ሲስተምዲን አስገባ፤ 8 የድሮዎቹን ስክሪፕቶች ተገፍተው የሚወጡ መሆናቸውን አስታወቀ፤ 9 ጨርሶ አወጣቸው። በቦታቸው የተተካው ኔትወርክማኔጀር የአሊያስ ፋይሎቹን ሲያነብ አድራሻዎቹን ወደ ወላጁ ካርድ ያዋህዳቸዋል እንጂ «ኢት0:0» የሚባል የተለየ ነገር አድርጎ አያስነሣቸውም። ስለዚህ «ኢት0:0»ን ለብቻው ለማጥፋትና ለማስነሣት የለመደ ሰው ትእዛዙ ሲከሽፍበት ግራ ይጋባል። ከሁሉ የከፋው ኔትወርክማኔጀርና አሮጌው የኔትወርክ አገልግሎት በአንድ ማሽን ላይ አብረው ሲነሡ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደደረሰ እየታየ ውጤቱ በየቀኑ ይለያያል። ከሁለቱ አንዱ ይምረጡ፣ ሌላውን ያጥፉ።

በዴቢያን ወገን ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ኦቶ ኢት0:0» የሚለውን መስመር መርሳት ነው፤ አሊያሱ በእጅ ሲጠሩት ይመጣል፣ ማሽኑ ሲነሣ ግን አይጠራም። ሁለተኛው ከዋናው አድራሻ ክፍል ሲቀዳ «ጌትዌይ» የሚለውም መስመር አብሮ መቀዳቱ ነው። ሁለተኛው ነባሪ መንገድ ሊጨመር ሲል ከርነሉ ይከለክላል፣ አሊያሱ ይከሽፋል፣ ጠቅላላ የኔትወርክ አገልግሎቱም ቀይ ሆኖ ይታያል። ጌትዌይ በዋናው ክፍል ብቻ ይጻፍ። ኡቡንቱ ከ17.10 ጀምሮ ኔትፕላን የተባለውን የኔትወርክ ማዋቀሪያ ስለተቀበለ ጨዋታው ሌላ ነው፤ እዚያ አሊያስ ማለት በአድራሻዎች ዝርዝር ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። በፋይሉ ውስጥ ታብ መጠቀም አይቻልም፣ በስፔስ ብቻ ይገባል። «ኔትፕላን ትራይ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቁት ለውጡን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ከሰቆጣ ሆኖ የወረዳ ሰርቨር ለሚያስተካክል ሰው ይህ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ቢሳሳት መስመሩ ተበጥሶበት አያድርም።

ይህ ሁሉ ሲታክት ሰው የሚሸሸው ማሽኑ ሲነሣ ወደሚፈጸመው የአርሲ-ሎካል ፋይል ነው፤ ትእዛዙን እዚያ መጨረሻ ላይ ጽፎ ይተወዋል። እኔ ይህን መንገድ አልደግፍም። ከሬድ ሃት 7 ወዲህ ፋይሉ የመፈጸም ፈቃድ ካልተሰጠው ሲስተምዲ ያልፈዋል። አይኤፍኮንፊግ ራሱ በአዳዲሶቹ ሲስተሞች በአነስተኛ ጭነት ላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ትእዛዙ «አልተገኘም» ይባላል። በዊንዶውስ ኖትፓድ ተጽፎ በፍላሽ የመጣ ስክሪፕት በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ይይዛል፤ ሊኑክስ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ተርጓሚውን አያገኝም። በዓይን ሲያዩት ምንም ጉድለት የሌለው ስክሪፕት የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሁሉም በላይ አርሲ-ሎካል የሚሮጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ኔትወርክማኔጀር ካርዱን እንደ አዲስ ሲያዋቅረው አሊያሱ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሱ መብራቱ። የዋግ ባለሙያ ከመማሪያ መጽሐፍ የማያገኘው ክፍል ይህ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በዋግ ኽምራ ዞን ዳርቻ ቆሞ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ቢሆንም፣ በደጋው ያለ ቢሮ መብራት ሳይቆራረጥ የሚያገኝበት ቀን ብርቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሰቆጣ ከደረሰ ጀምሮ የነበረው ረጅም መቋረጥ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መሄድና መምጣት አለ። መብራት ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፤ ግን እኩል አይደርስም። ማዋቀር የሚቀበል ስዊች እስኪነሣ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ከተነሣ በኋላም ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው ጥንቃቄው እያንዳንዱን ቀዳዳ ለ30 ሰከንድ ያህል ይዘጋል። ሰርቨሩ ግን ከዚያ በፊት ተነሥቶ አድራሻውን ለማስታወቅ ጩኸቱን ጨርሷል፤ የሰማው የለም።

አንድ ሁኔታ ቀረብ ብለን እንይ። አሮጌው ሰርቨር በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱ የአሮጌውን አድራሻ በአሊያስ ይዟል። አሮጌው ግን አልተጣለም፤ የቆየ መረጃ አለበት ተብሎ ጠፍቶ እዚያው ጥግ ተቀምጧል፣ የኃይል ገመዱና የኔትወርክ ገመዱ እንደተሰኩ። በባዮሱ ውስጥ «መብራት ሲመለስ ተነሣ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶታል፤ ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይዘጋጃሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱም ይነሣሉ። የድሮዎቹ የሬድ ሃት ስክሪፕቶች አሊያስ ከመስጠታቸው በፊት «ይህን አድራሻ የያዘ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አሮጌው ቀድሞ ከተነሣ ይመልሳል፣ አዲሱም አሊያሱን ይተዋል፤ በመዝገቡ ውስጥ ሌላ ማሽን አድራሻውን ይዞታል የሚል አንድ መስመር ይቀራል። አዲሱ ቀድሞ ከደረሰ ደግሞ አሊያሱን ይይዛል። ስዊቹ ገና ካልተነሣ ሁለቱም ጠይቀው መልስ አያገኙም፣ ሁለቱም ይይዙታል፤ ከፊሉ ኮምፒውተር ወደ አዲሱ፣ ከፊሉ ወደ አሮጌው ይሄዳል። አንድ ማሽን አንዴ እየሠራ አንዴ እየከሸፈ ሲያስቸግር ስክሪፕቱን መቶ ጊዜ ማንበብ ምንም አይጠቅምም፤ መፍትሔው የአሮጌውን ገመድ መንቀል ነው። ለስዊቹ መዘግየት ደግሞ በድሮዎቹ ፋይሎች «ሊንክዲሌይ» የሚል መስመር አለ፤ ካርዱ ገመዱ ላይ ምልክት እስኪያገኝ የሚታገሥበትን ሰከንድ ይወስናል።

መብራት በኃይል ሲመለስ ካርድም ያቃጥላል። በሴንትኦኤስ 6 ዘመን የተቃጠለው ካርድ ሲተካ ሊኑክስ የድሮውን «ኢት0» ስም ለሞተው ካርድ አስቀርቶ አዲሱን «ኢት1» ይለዋል፤ የአሊያሱ ፋይል ግን አሁንም የሌለውን ይጠራል። ይህን የሚመዘግበው «70-ፐርሲስተንት-ኔት» የተባለ ፋይል ስለሆነ መጽዳት ያለበት እሱ ነው፤ በዋናው የካርድ ፋይል ውስጥ ያለው የድሮው ሃርድዌር ቁጥርም አብሮ ይታረም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ሲስተምዲ ስሞችን ካርዱ ከተሰካበት ቦታ እያወጣ «ኢኤንፒ3ኤስ0» የመሰሉ ስሞች ይሰጣል፤ ካርዱን ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ስሙን ይቀይራል።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ካርድ ሲቃጠል ከገበያ በቀላሉ የሚገኘው በዩኤስቢ የሚሰካ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ያላዩት ገደብ አለ። በብዙ ሲስተሞች የዩኤስቢ ካርድ ስም የሚሠራው «ኢኤንኤክስ» ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላትና ከሃርድዌር ቁጥሩ 12 ምልክቶች ነው፤ በድምሩ 15። ሊኑክስ ለካርድ ስምም ለአሊያስ መለያም የሚፈቅደው ርዝመት ደግሞ 15 ብቻ ነው። ለ«:0» ቦታ አልቀረም። አሊያሱን በስም ለመስጠት የሚሞክር ስክሪፕት ሁሉ በዚህ ካርድ ላይ ይከሽፋል፣ ያለ መለያ በ«አይፒ አድር አድ» የተሰጠ አድራሻ ግን ያለ ችግር ይይዛል። መለያን መተው ከርነሉ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚፈቅደው መንገድ መሆኑን እዚህ በተግባር ያዩታል።

አድራሻው ተነሥቶ ግን የማይደረስበት ጊዜም አለ። ካርድ ሲቀየር የሃርድዌር ቁጥሩ ስለሚቀየር ራውተሩ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይቆያል፤ በሲስኮ ራውተር ይህ ትዝታ እንደ ነባሪ 4 ሰዓት ይቆያል። የመነሻ ስክሪፕቶቹ አድራሻ ሲሰጡ በ«አርፒንግ» ለጎረቤት ያሳውቃሉ፤ በእጅ ሲሰጥ ግን ከርነሉ ካልታዘዘ በራሱ አያሳውቅም። ጠዋት ያልሠራው ከሰዓት በኋላ በራሱ ሲሠራ ምስጋናው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ለነካው ሰው ይሄዳል፤ የተፈጸመው ግን የራውተሩ 4 ሰዓት ማለቁ ነው።

ሌላው የአገልግሎቶች ቅደም ተከተል ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ አገልግሎት በአሊያሱ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ከታዘዘና አድራሻው ሳይመጣ ከተነሣ በስሕተት ቁጥር 99 ይወድቃል፤ የተጠየቀው አድራሻ እዚህ ማሽን ላይ የለም ማለት ነው። ከዚያ አድራሻው ቢመጣም አገልግሎቱ ወድቆ ይቀራል። በሲስተምዲ «ኔትወርክ» እና «ኔትወርክ-ኦንላይን» የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ሥራው ተጀመረ ከማለት አያልፍም፣ አድራሻው እስኪመጣ የሚጠብቀው ሁለተኛው ነው። አገልግሎቱ ከሁለተኛው በኋላ እንዲነሣ ማሰር ይገባል። የሲስተምዲ ኔትወርክ አስተዳዳሪ ቢበዛ ለ2 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የሚዘገይ ስዊች ያለበት ክፍል ውስጥ ያም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ በሁሉም አድራሻዎች ላይ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ መገደብ ካስፈለገም በፋየርዎል መገደብ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከመቋረጥ በኋላ መዝገቡን ሲያነቡ ቀኑ ሊያሳስት ይችላል። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች ማሽኑ ከዓመታት በፊት ባለ ቀን ይነሣል፤ የዛሬው ጥፋት በሌላ ዓመት ስም ይመዘገባል፣ ባለሙያውም «ዛሬ ምንም አልተመዘገበም» ይላል። «ጆርናልሲቲኤል» የተባለው መዝገብ ማንበቢያ ትእዛዝ የአሁኑን መነሣት ብቻ እንዲያሳይ ሲታዘዝ ቀኑን ሳይጠይቅ ያወጣል፤ በቀን ከመፈለግ ይህ ይቀድማል። በሴንትኦኤስ 7 ይህ መዝገብ እንደ ነባሪ ከመነሣት መነሣት አይሸጋገርም፤ «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚል ማህደር መፍጠር ግን ያቆየዋል።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰልጣኝ አሁንም «አይኤፍኮንፊግ ኢት0:0» ተምሮ እንዳይወጣ እሰጋለሁ። ሴንትኦኤስ 6 ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020፣ ሴንትኦኤስ 7 በሰኔ 2024 ነው፤ በፍላሽ እየተላለፉ የሚጫኑ ግን እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ታይቷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ መልስ ከድረ ገጽ አይገኝም። በማሽኑ ውስጥ ያለው ሰነድ ግን አለ። በሬድ ሃት ቤተሰብ «ሲስኮንፊግ» የተባለው የጽሑፍ ፋይል ኦንፓረንትንና ሌሎቹን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የ«ማን» ገጾችም ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ። ሰርቨር ሲጫን እነዚህን አለመሰረዝ፣ ቢቻልም በአማርኛ አሳጥሮ አትሞ ከማሽኑ ጎን መለጠፍ ለሚቀጥለው ባለሙያ ብዙ ያግዛል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ባለሙያው እዚያው እያለ የክፍሉን ዋና ማጥፊያ ዝቅ አድርጎ፣ ስዊቹም ራውተሩም ሰርቨሩም አብረው እንዲነሡ መተው። ለዚህ መረጃው መጠባበቂያ ሊኖረውና የዳታቤዝ አገልግሎቱ በደንብ ሊዘጋ ይገባል። ሰርቨሩን ብቻ ሪስታርት ማድረግ ግን ስዊቹ በርቶ ስለሚጠብቀው ስለ እሑዱ ንጋት የሚነግረን ነገር የለም።

አሊያሱ መቼ ይወገድ የሚለውንም መወሰን ይቻላል። «ቲሲፒደምፕ» የሚባለው መሣሪያ በዚያ አሮጌ አድራሻ የሚመጣውን ብቻ እንዲያዳምጥ ተደርጎ አንድ ወር ይተው፤ ሪፖርት የሚላክበት ሳምንትም በዚያ ውስጥ ይግባ። የሚመዘገበው አሮጌውን አድራሻ አሁንም የሚጠራው ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር የራሱ አድራሻ ነው። እነዚያን አንድ በአንድ አስተካክሎ፣ ለሌላ አንድ ወር ምንም ጥሪ ካልመጣ፣ መስመሩን ከፋይሉ መሰረዝ ይቻላል።